የተሸነፈ ያጥባል

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሮዝ ማሊያ ለብሶ ከተፍ አለ። የውጭ አገር ቡድን ነው አለኝ፤ የየት አገር እንደሆነም ነግሮኝ ነበር፣ ከአፉ ሲወጣ ከጆሮዬ አመለጠ። እህቶቹ "ይሄ የሴት ቀለም አይደል እንዴ!" ብለው ሲስቁበት እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። ሳቄ አልቆም ቢለኝ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ።

"እማማ፣ እርስዎም ይስቁብኛል?" አለ ልጁ ቅር ብሎት።

"ባንተ አይደለም ልጄ። ይሄን ቀለም በእጄ ስለማውቀው ነው" አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ማን ይለቀኛል? "ይንገሩን፣ ይንገሩን" ብለው ከበቡኝ። ነገርኳቸው። ስጨርስ ትልቋ "ይሄማ መጻፍ አለበት" አለች። እኔ ተማሪ ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም ከፋብሪካ ፈረቃ መልስ፣ እንቅልፍ እያዳፋኝ። ቢሆንም እጄ እስከቻለ ልጻፈው። ዳር ዳሩን ከዞርኩ ታገሡኝ፤ እግሬም አንደበቴም ቀጥ ያለ መንገድ አይወዱም።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። አቃቂ ያኔ እንዲህ በቤት አልታፈነችም። ወንዙ በመሃል ያልፋል። ከወንዙ ወዲህ እኛ ነን፣ አብዛኞቻችን የክር ፋብሪካ ሠራተኞች። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ነጋዴውና ሹፌሩ ይበዛል፤ ብዙዎቹ ከወሎ የመጡ እስላሞች ናቸው። ቀበሌዎቻችን ቁጥር ነበራቸው፣ ግን በቁጥር የሚጠራቸው ሊቀመንበሩ ብቻ ነው። እኛ እነሱን "ማዶዎች" እንላለን። እነሱም እኛን "ማዶዎች" ይሉናል። ግራ እንዳይገባችሁ፣ እዚህ ወረቀት ላይ ማዶዎች እነሱ ናቸው፤ ጸሐፊዋ እኔ ነኝና።

ሁለታችንም የኳስ ቡድን ነበረን። የምንጫወትበት ሜዳ ግን አንድ ነው፣ ወንዙ ዳር ያለው። ሜዳው ከጥንት ጀምሮ የአንድ አዛውንት ገበሬ የከብት ግጦሽ ነበር፤ እኚህ ሰው ፋብሪካው ሳይተከል አባቶቻቸው እዚያው ያርሱ የነበሩ ኦሮሞ ናቸው። መሬት በአዋጅ ከተወረሰ ወዲህ ሜዳው በወረቀት የእሳቸው አይደለም። ላሞቻቸው ግን አዋጁን አልሰሙም። ጨዋታው ሞቅ ባለ ሰዓት ጎል አፍ ላይ መጥተው ይቆማሉ፤ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፤ አዛውንቱ ዱላቸውን እያነሱ፣ ልጆቹን በኦሮምኛ ጠርተው፣ "ያ ኢጆሌ! ላሚቱን እንዳትነኳት፣ ራሷ ትወጣለች!" ይላሉ። ላሚቱ ራሷ እስክትወጣ ሃያ ሁለት ወንድ ወገቡን ይዞ ይጠብቃል። አንዳንዴ በዚህ መሃል ፀሐይ ትጠልቃለች። የእሑዱ የቀበሌ ስብሰባ ከረዘመማ ጨዋታው ከመጀመሪያውም የሚጀመረው ጥላ ሲረዝም ነው።

የሜዳው አፈር መረሬ ነው። መረሬን የማያውቅ ካለ፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ልብስ ላይ ካረፈ ከነገር ይብሳል። ይሄ አፈር ነው የኔን ወግ ያመጣው።

አንድ ክረምት፣ እኔ ገና ልጃገረድ ሳለሁ፣ ሁለቱ ቡድኖች ጭቃ ላይ ተጫውተው በድንጋይ ሊፈነካከቱ ደረሱ። አዛውንቱ መሃል ገብተው ገላገሏቸውና እዚያው ፈረዱ። የተሸነፈ ሰፈር የአሸናፊውን ማሊያ ያጥባል። አሸናፊው ደግሞ ለማጠቢያው እንዶድ፣ ለአጣቢዋ ዳቦ ያመጣል። "አንዱ የሌላውን እድፍ ካጠበ ድንጋይ ለመወርወር እጁ ያፍራል" አሉ። ሳሙና በወረፋ ስለነበር እንዶዱ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ሕግ ሆነ፤ ከቀበሌው ሕግ ሁሉ በላይ እሱ ተከበረ። ቀስ እያለም ቅርንጫፍ አወጣ። አሸናፊዎቹ አንዲት ሴት ይልካሉ፤ እሷ ወንዝ ዳር ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ "ብብቱ ሥር አልጠራም፣ ኮሌታውን ድገሚው" እያለች ታዛለች። እጇን ውሃ መንካት አይፈቀድላትም። እንግዲህ ያቺ ድንጋይ ላይ ለመቀመጥ ስንት ሴት እንደምትመኝ ገምቱ።

በኛ በኩል አጣቢዋም ተቀማጭዋም እኔ ነበርኩ። ወንድሜ የቡድናችን አምበል ስለነበር ሥራው በዘር ወረደብኝ። በማዶዎቹ በኩል ደግሞ የአንድ ሹፌር ሚስት፣ ገበያ ላይ ሽንኩርትና በርበሬ የምትነግድ ወለዬ ነበረች። የነሱ አምበል የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። የተዋወቅነውም በዚያው ድንጋይ ነው። መጀመሪያ እሷ ስታጥብ እኔ ተቀምጬ አዘዝኳት፤ በዓመቱ እኔ ሳጥብ እሷ ተቀምጣ አዘዘችኝ፤ ከዚያ ወዲህ በሐዘንም በደስታም አልተለያየንም።

የኛ ማሊያ አረንጓዴ ነው። የነሱ ነጭ አቡጀዲ፣ ሰማያዊ ኮሌታ ያለው። በመረሬ ላይ ነጭ! ይሄ ለምን ይመስላችኋል? አንድ ቀን ጠየቅኋት።

"አጣቢዎቹ እናንተ ናችሁና ምን ቸገረን?" አለችኝ ሳታፍር።

ይሄ ወግ በሆነበት ዓመት ሦስት ጊዜ ተጋጥመን ሦስቱንም ተሸነፍን። ሦስተኛው የባሰ ነበር፤ ያሸነፈው በከፍተኛው፣ ቀበሌዎቹን በሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ ውድድር ለፍጻሜ ያልፋልና። አንድ ለአንድ ሳለን ሪጎሬ አገኘን። ወንድሜ ኳሷን አስቀመጠ፣ አማተበ፣ ተንደርድሮ መጣና ወንዝ ውስጥ ከተታት። እስክትወጣ ጨዋታው ቆመ።

"ዓሣ ልታጠምድ ነው?" ብሎ የማዶ አፍ ሁሉ ተቀባበለው።

ኳሷ ውሃ ጠጥታ ከብዳ ወጣች። የኛ ልጆች ሊገፏት አቃታቸው፤ የማዶዎቹ አምበል ግን በግንባሩ አገባት። አለቀ። ማዶዎች በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ አለፉ፤ በሳምንቱ እሑድ ሳሪስ ሄደው ከሳሪስ ልጆች ጋር ሊጋጠሙ። ልጆቹ ማሊያቸውን እያወለቁ፣ ጥቁር ጭቃው እየተንጠባጠበ፣ እግሬ ሥር ከመሩልኝ። እኔ ደግሞ አፌን አላውቅም። ሕዝቡ መሃል ቆሜ "ከማጥበው ወንዙ ይውሰደው!" ብዬ ጮህኩ።

ባልንጀራዬ ከዚያ ማዶ ሆና "ወላሂ ወንዙም ሳይታጠብ አይወስደውም!" አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያቺ ቃል ግን ከሰው ጆሮ አልወጣችም።

አሁን ስለ ሻሹ ልንገራችሁ። በዚያ ሰሞን የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ቀይ ጨርቅ መጣለት። ለበዓል ሰልፍ መጥቶ የተረፈ ነው አሉ። ከወዲህም ከማዶም ሴቱ ሁሉ ተሰልፎ ገዛና ሻሽ አደረገው። አንድ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ የአቃቂ ሴት በሙሉ ቀይ ራስ ሆነች። ፋብሪካ በር ላይ ፈረቃ ሲወጣ በርበሬ የተሰጣ ነው የሚመስለው። እኔ ከሌላዋ ሻሽ ጋር እንዳይቀያየርብኝ ብዬ የሻሼን ጫፍ በቢጫ ክር ጠቀም አድርጌዋለሁ።

ሰኞ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ ጠዋቱ የኔ ነው። ወንዙ ዳር ጉርድ በርሜል ጥጄ ውሃ አፈላሁ፤ ነጭ ልብስ መረሬን የሚለቀው በሙቅ ነው። ባልንጀራዬ የተወቀጠ እንዶድ በጣሳ፣ ትልቅ ድፎ ዳቦ በመሶብ ይዛ መጣች። ድንጋይዋ ላይ ጉብ አለች።

"በይ ጀምሪ፣ የሳሪስ ሰው ኮሌታችንን አይቶ እንዲፈራ" አለችኝ።

"ኮሌታችሁን አይቶ ሳይሆን ወንድሜን አስታውሶ ነው የሚስቀው።"

"ወንድምሽማ ባለውለታችን ነው። ኳሷን ባያረጥባት ማን ያሸንፍ ነበር?"

እንዲህ እየተጓተትን ማሊያዎቹን በርሜል ውስጥ ዘፈዘፍኩ። አሥር ነበሩ፤ በረኛው የራሱን ሹራብ ነው የሚለብሰው። ፀሐይዋ ከረረች። እኔ ሻሼን ፈትቼ ቁጥቋጦ ላይ ጣል አደረግሁት። እሷም ፈታች። ደግሞ አርፋ መቀመጥ የማትችል ሰው ናት፤ ሕጉን ጥሳ ዱላ አንስታ በርሜሉን ታማስልልኝ ጀመር። "ተቀማጭ አይነካም" ስላት "ማን አየኝ? ላሚቱ?" አለች። እውነትም ላሚቱ መጥታ ነበር። መሶቡ ውስጥ ያለውን ዳቦ እያሸተተች ነው። ዱላዬን ይዤ ተነሣሁ፣ ላሚቱ ሮጠች፣ እኔም ሮጥኩ፤ ስመለስ ባልንጀራዬ ገበያ ረፈደብኝ ብላ ሻሿን ጠምጥማ ስትሄድ ከጀርባዋ አየኋት። እጇን አወዛወዘችልኝ።

ማሊያዎቹን ላወጣ ዱላዬን ሰደድኩ። የመጀመሪያው ወጣ። ዓይኔን አሸሁ። ሁለተኛው ወጣ። ሁሉም ሮዝ! አንዱ ደመቅ፣ አንዱ ፈዘዝ ያለ፣ አንዱ ደግሞ እንደ ልጅ ጉንጭ እዚህም እዚያም የቀላ። በርሜሉ ሥር ቀይ ሻሽ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቁጥቋጦውን አየሁ፣ ባዶ ነው። ራሴን ዳሰስኩ፣ ባዶ ነው። ነፋሱ ጥሎብኝ ነው ብዬ ያን ሻሽ በንዴት አንስቼ ወንዙ ላይ ወረወርኩት። ወንዙም ወሰደው።

ወንድሜ ሲመጣ መጀመሪያ ሳቀ። መሬት ላይ ተንከባለለ ብላችሁ አታምኑኝም። ከዚያ ድንገት ተነሥቶ ተቀመጠ።

"አንቺ" አለኝ፣ "ትናንት ሰው ሁሉ ፊት ወንዙ ይውሰደው አላልሽም?"

"ብያለሁ።"

"እንግዲህ ሆን ብላ ነው ሊሉ ነው።"

ብለውም ነበር፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ። ከማዶ ሰው እየተሻገረ መጣና ገመድ ላይ የተሰጣውን ሮዝ ሰልፍ ከቦ ቆመ። አምበላቸው መጨረሻ ላይ ደረሰ። ቢጮህብኝ በወደድኩ። አልጮኸም። አንዱን ማሊያ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ "እህቴ፣ እሑድ ሳሪስ ላይ ምን ለብሰን ልንወጣ ነው?" አለኝ።

አቡጀዲ በዚያ ሰሞን በወርቅም አይገኝም። ሌላ ማሊያ የላቸውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጻሜ የደረሱ ልጆች በኔ እጅ መሳቂያ ሊሆኑ ነው። ከዚያም ወዲያ ማን ልብሱን ለጎረቤት አምኖ ይሰጣል? ያ የአዛውንቱ ፍርድ በኔ በርሜል ውስጥ ሊቀር ነው። "እስከ እሑድ ነጭ አደርገዋለሁ" አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ባልንጀራዬ ከገበያ ስትመለስ ነገሩን ሰምታ እያለከለከች መጣች። እንዲያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። የራሷን ሰፈር ሰዎች አንድ በአንድ አፋቸውን ዘጋች። "እዚያው ተቀምጬ ነበር! ሆን ብላ አይደለም! ወላሂ በአሏህ እምላለሁ፣ ይቺ ሴት አንዳች ክፋት አላሰበችም!" እያለች። አንዱ "አንቺ የሷ ጠበቃ ነሽ ወይስ የኛ?" ቢላት ልትቧጭረው ደረሰች። እኔ በልቤ፣ ባልንጀራ ማለት እንዲህ ነው አልኩ።

ማክሰኞ በአመድ ውሃ ቀቀልኩት። ረቡዕ ሎሚ አሸሁበት፣ ሣር ላይ ዘርግቼ ፀሐይ አስመታሁት። ባልንጀራዬ ገበያዋን ጥላ ከጎኔ ስትፈትግ ዋለች፤ የተቀማጭ ሕግ የት እንደገባ እንጃ። ሮዙ ፈዘዘ እንጂ አልለቀቀም። ሐሙስ ፈረቃዬን ለጠዋት አስቀይሬ አንዱን ማሊያ ጠቅልዬ ፋብሪካ ይዤ ሄድኩ። ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ጥፍራቸው ሰማያዊ ሆኖ የቀረ ሽማግሌ ነበሩ። ማሊያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት።

"ሙቅ ውሃ ነው?"

"አዎ አባባ።"

"እንግዲህ ይሄ ልብስ አግብቷል። አይፋታም" አሉና መለሱልኝ።

እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ። አመሻሽ ላይ ወንድሜ ራቱን ሲበላ ፊቱ ተቀምጬ የማይባለውን አልኩት፤ "አረንጓዴውን አበድሯቸው።"

ጉርሻው አንገቱ ላይ ቀረ። "ለማን?"

"ለማዶዎች።"

"እኔ ሞቼ ነው የኛ ማሊያ በነሱ ገላ ላይ የሚወጣው!"

"ሪጎሬውን ብታገባው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር" አልኩት። ይሄ ግፍ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሠራ። ራቱን ትቶ ወጣ፤ ልጆቹን ሜዳው ላይ ሰበሰበ። እኔም ተከትዬ ሄድኩ። ገሚሱ ይሰጥ አለ፣ ገሚሱ "እናታችን ብትለምነን አንሰጥም" አለ። አዛውንቱ ገበሬ ላሞቻቸውን ሊያስገቡ መጥተው ሲያዳምጡ ቆዩና ሳቁ። "ያ ኢጆሌ፣ እናንተ ለመስጠት ትጣላላችሁ። እነሱ መቀበላቸውን ጠይቃችኋል?" አሉ።

ማንም አልጠየቀም ነበር። አርብ ወንድሜ አረንጓዴውን ታጥቦ ታጥፎ በአንሶላ ጠቅልሎ፣ እኔን አስከትሎ ወንዙን ተሻገረ። የማዶዎቹ ልጆች በሙሉ አንድ ግቢ ተሰብስበው ነበር። ወንድሜ ጥቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠና፣ "እሑድ ልበሱት። ስታበቁ ትመልሳላችሁ" አለ፤ ፊቱ እንደ እሬት መሮታል።

አምበላቸው ጥቅሉን ፈትቶ አንዱን አረንጓዴ አነሣ። ደረቱ ላይ ለካው። ልጆቹን ዘወር ብሎ አየ። ከዚያ መልሶ አጠፈው፤ በጥንቃቄ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ አድርጎ።

"ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልን። ከልብ ነው" አለ። "ግን በናንተ አረንጓዴ ከምናሸንፍ በራሳችን ሮዝ ብንሸነፍ ይሻለናል።"

ወንድሜ መጀመሪያ በሳቅ ፈነዳ። እሱ ሲስቅ እነሱም ሳቁ፤ ተቃቅፈውም ትከሻ ለትከሻ ተመታቱ።

እሑድ የባልንጀራዬ ባል ተሳቢውን አወጣ። የማዶ ሰው ተጫነ፤ እኛም ተጫንን። የኛ ልጆች ያንን ያልተፈለገ አረንጓዴ ለብሰው ነው የመጡት። ባልንጀራዬ ከጎኔ ተቀመጠች፣ ነጭ ሻሽ አስራለች። "ቀዩስ?" ብላት "በቃኝ፣ ቀይ ነገር አስጠላኝ" አለች። እውነቷን ነው አልኩ።

ሳሪስ ስንደርስ ሜዳው ዙሪያውን በሰው ታጥሯል። ልጆቹ ሮዛቸውን ለብሰው ሲገቡ የሳሪስ ሰው መጀመሪያ አላመነም። ከዚያ አንዱ "ሙሽሮች መጡ! እልል በሉ!" አለ። ሳቁ እንደ ቆርቆሮ ዝናብ ወረደ። ሌላው ተቀብሎ "ሚዜዎቹስ የታሉ?" ሲል፣ ወንድሜ፣ ያ ማዶ የሚባል ስም ሲሰማ የሚያንገሸግሸው ወንድሜ፣ አግዳሚ ላይ ዘሎ ወጣ።

"ሚዜዎቹ እኛ ነን! ምን ልትሆን ነው?"

አረንጓዴዎቹ ሁሉ ተነሡ። እኛ ሴቶች ደግሞ ነገሩን ከአፋቸው ነጥቀን የሰርግ ጭብጨባ ጀመርን፤ እልልታው ቀለጠ። የሳሪስ ሰው ቢሰድብ ሰርግ ሆነ፣ ዝም ቢል ሰርግ ሆነ፣ ምን ያድርግ? ዝናቡ መጣ። ጭቃው ተነሣ። የሳሪስ ጭቃ እንደኛው ነው፤ ሮዝ ለባሾቹ ግን በዝናብም ሳያቋርጡ መረሬ ላይ ሲንሸራተቱ ያደጉ ስለሆኑ ቆመው ሲሮጡ፣ ዝናብ ሲመጣ መጠለል የለመዱት የሳሪስ ልጆች ይወድቃሉ። ሊያልቅ ሲል በረኛቸው ኳስ ሊይዝ ወጥቶ አዳለጠው፤ የማዶዎቹ አምበል ባዶ ጎል ላይ ገፋ አደረጋት። አንድ ለዜሮ። የወንድሜ ድምፅ እስከ ማክሰኞ ድረስ አልተመለሰም።

ሲያልቅ አምበሉ የሚገርም ነገር አደረገ። ከልማዱ የተነሣ ማሊያውን አውልቆ፣ ጭቃውን እያንጠባጠበ፣ ለሳሪሱ አምበል ዘረጋለት፤ "በል እንግዲህ፣ የተሸነፈ ያጥባል።" የሳሪሱ ልጅ የሰደበው መስሎት ደረቱን ነፋ። ልማዱ ከአቃቂ እንደማይሻገር ማን አስቦ? ገብተን አስረድተን፣ ተሳስቀን አለፈ። አምበሉም ወደኔ ዞረና አሥሩን ማሊያ አሸከመኝ።

"እህቴ፣ ያው አንቺው ነሽ። አደራ፣ ቀለሙ እንዳይለቅ አድርገሽ እጠቢልን።"

በዓመቱ አቡጀዲ ተገኝቶ አዲስ ነጭ ማሊያ ሲያሰፉ፣ አንድ ቀን ሳይለብሱት ከአንድ ቀይ ሻሽ ጋር ጠቅልለው ወደኔ ላኩት። "የእጇ በረከት አይለየን" ብለዋል። እያሳቀኝ በርሜሌን ጣድኩ። ከዚያ ወዲህ ያን ቡድን ነጭ ለብሶ ያየው የለም፤ እኔም ከወንዙ ማዶ በሄድኩበት ሁሉ "ቀላሚዋ መጣች" ተብዬ ከወንበር ወንበር ተመርጦልኝ ኖርኩ።

ከእነዚያ ሮዝ ለባሾች ሁለቱ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደው አልተመለሱም። የልጅ ልጄ ያንን ማሊያ ለብሶ ሲገባ፣ ከሳቄ መሃል እነሱም ትዝ አሉኝ። አዛውንቱም አረፉ። ሜዳው ላይ ቤት ተሠራበት፤ ላሞቹም የት እንደገቡ እንጃ።

ባልንጀራዬ ዛሬ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ልጇ ዘንድ ናት። ከጥቂት ዓመት በፊት ልጠይቃት በታክሲ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ እየተቀመጥኩ እየተነሣሁ ወጣሁ። ስለ ልጅ፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ ስኳር በሽታ አወራን። ስለዚያ በርሜልም አንስተን ሳቅን። ሳቋ መሃል ላይ ቆመና ተነሥታ ከአልጋዋ ሥር ሻንጣ ጎትታ አወጣች። ከልብሶቹ ሥር አንድ ነገር ስባ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ቀይ ሻሽ ነው። ጫፉን ገለጥ ሳደርገው ቢጫ ክር። የኔው ስፌት።

"ያን ሰኞ ገበያ ደርሼ ስፈታው ነው ያየሁት" አለች፣ መሬት መሬት እያየች። "ሳማስል የኔን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌው ነበር። አላወቅሁም፣ ወላሂ። ስሄድ ያንቺን ከቁጥቋጦው አንስቼ አሰርኩ። ልነግራቸው ስመጣ ሰዉ እንዲያ ተቆጥቶ አገኘሁትና ፈራሁ። ካሸነፍን በኋላ ልናገር ስል ደግሞ የእጇ በረከት ይሉሽ ጀመር። ክብርሽን ልቀማሽ?"

ሻሹን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ያ ከበርሜል አውጥቼ ለወንዙ የሰጠሁት፣ ማዶዎቹን ሮዝ ያደረገው ሻሽ፣ ለካ የራሳቸው ተቀማጭ ሻሽ ነበር።